አጎታችንን ቻርጅ ያደረገው ሰው

ለወንድሜ ለኮጆ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህን የሚያምህ ነገር ተሻለህ ወይስ ዛሬም ደረጃ ስትወጣ ታቃስታለህ? ኤስተርስ፣ ትንሿ ልጃችሁስ እንዴት ናቸው? የሐምቡርግ ብርድ በመጋቢትም አይለቅም ሲሉ ሰምቻለሁና ፀሐይ አየሁ ብለህ ካፖርትህን አውልቀህ እንዳትዞር። እኛ እዚህ ሙቀቱ አናታችንን ሊበሳው ነው፤ ዝናብ ጠብ አላለም። እናታችን ደህና ናት። ባለቤቴ አዶማኮ ደህና ነው። ልጄ ሴርዋ ፈተናዋን አልፋለች። እኔም ከአንተ ናፍቆትና በአንተ ላይ ካለኝ ንዴት በቀር ደህና ነኝ። ናፍቆቱ የቆየ ነው፣ ለምጄዋለሁ። ንዴቱ ግን የዚህ ወር ስለሆነ ገና አልበረደም።

በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ነበር። በመጀመሪያው ጨርቅ ሻጭ ስለ ሳይንስ ምን ያውቃል ብለህ አፌን ዘጋኸው። በሁለተኛው ሥራ ላይ ነኝ አልክ። በሦስተኛው ድምፅሽ ይቆራረጣል አልክና ዘጋህብኝ። የእኔ ድምፅ ተቆራርጦ አያውቅም፣ ኬጄቲያ ገበያ በሙሉ ምስክሬ ነው። ወረቀት ግን አይዘጋም። አቤና ኮናዱ የእናቷን ቀብር ጨርሳ ነገ ወደ እናንተ ስለምትበር በእሷ እጅ ልኬልሃለሁ። አንብበህ እስክትጨርስ ከፊትህ እንዳትነሳ አደራ ብያታለሁ፤ አደራ እንደማትበላ ደግሞ ታውቃታለህ። ስለዚህ ተቀመጥ።

ነገሩ የአጎታችን የኦፖኩ ነው። በሕይወት አሉ። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ እንዳትደነግጥ ብዬ ነው እንጂ ይገባሃል ብዬ አይደለም።

ታስታውስ እንደሆነ የፕሮስቴት ካንሰሩ ከተገኘባቸው ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ሆስፒታሉ በየሦስት ወሩ አንድ መርፌ ይወጋቸው ነበር፤ እግዚአብሔር ይስጠውና መርፌው ሠርቶላቸው ነበር። የጀርባቸው ሕመም ጋብ ብሎ በየማለዳው መናኸሪያው ድረስ በእግራቸው እየሄዱ፣ ከድሮ ሾፌር ጓደኞቻቸው ጋር ዳማ እየተጫወቱ፣ ሲሸነፉም እየተቆጡ ይውሉ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ያስከፋቸው ነበር። መርፌው ድንገት ሰውነታቸውን እንደ እሳት ያግለውና በላብ ያጠምቃቸዋል። ጓደኞቻቸው እንዳረጠች ሴት አላበህ እያሉ ይስቁባቸው ጀመር። ያን ያህል ዘመን ጭነት መኪና የነዳ ሰው፣ በጎማ መፍቻ ሽፍታ ያባረረ ሰው፣ በላብ ምክንያት ከዳማ ጨዋታ ቀረ። ይህን ለማንም አልተናገሩም። ለአንተ ግን ነገሩህ፣ ምክንያቱም በወገናችን ወግ ወራሻቸው ነህ፤ የእህታቸው ወንድ ልጅ፣ ነገ ቤታቸውንና ቦታቸውን የምትይዝ። አንተስ ምን አደረግህ? ቪዲዮ ላክህላቸው።

ቪዲዮውን እኔም አይቼዋለሁ። በቆዳ ወንበር ላይ ተንጋለህ፣ ክንድህ ላይ ግሉኮስ ተሰክቶልህ፣ ቢጫ ውኃ ጠብ ጠብ እያለ፣ ጥርስህን ታሳያለህ። ይሄ ቫይታሚን ሲ ነው አልክ። በአፍ ሳይሆን በደም ሥር፣ በትንሹ ሳይሆን በብዙው ሲገባ ካንሰር ያቀልጣል፣ ድካም ያጠፋል፣ ሆስፒታሎች ገበያቸው እንዳይቀዘቅዝ ይደብቁታል አልክ። የሆስፒታሉ መርፌ መርዝ ነው፣ ይሄ ግን ንጹሕ ተፈጥሮ ነው አልክ። እኔ የማውቀው ኮጆ ወደብ ላይ የመርከብ ሣጥን የሚቆጥር ሰው ነበር። ከመቼ ወዲህ ሐኪም እንደሆንክ ግን አልጻፍክልንም። ብትጽፍልን በግ እናርድልህ ነበር።

እዚህ ኩማሲም እንዲህ ያለው ነገር ገብቷል፤ አንተም ቦታውን ፈልገህ፣ አስቀድመህ ከፍለህ ለአጎታችን በስልክ አበሰርካቸው። ቦታው «የሕይወት ጠብታ የጤና ማዕከል» ይባላል። ባለቤቱ ማን እንደሆነ ግን አልጠየቅህም። ሲልቬስተር ነው። አዎ፣ ያው ሲልቬስተር፣ መናኸሪያው በር ላይ የመኪና ባትሪ ቻርጅ ያደርግ የነበረው። ጣቶቹ በአሲድ ተበልተው ለሰላምታ እጁን ሲዘረጋልን የምንሸሸው። ያን ሥራ ትቶ አክራ ሄደና ሦስት ቅዳሜና እሑድ ሠልጥኖ ተመለሰ። አሳፎ ሰፈር አንድ የተዘጋ የሴቶች ፀጉር ቤት ተከራየ። የፀጉር ማድረቂያዎቹን እንኳ አላነሳቸውም፤ ሰው ከሥራቸው ይቀመጥና ግሉኮሱ ከማድረቂያው አንገት ላይ ይሰቀልለታል። ነጭ ጋዋን ለብሷል። ኪሱ ላይ «ዶክተር» የሚል በቀይ ክር ተጠልፏል። ጠላፊዋ የሱቄ ጎረቤት ናት፤ ሦስት ጋዋን አዝዟት ሦስቱንም ጠልፋለታለች። እኔ እስከማውቀው ድረስ ዶክትሬቱን የሰጠችው እሷ ናት።

ወረፋውን ብታየው ትስቃለህ፤ እኔ ግን መሳቅ አቅቶኛል። ሠርጓ የደረሰ ልጅ ፊቴ ይቅላልኝ ብላ ተሰልፋለች። የእግር ኳስ ቡድን ሊቀመንበር ጉልበት ፈልጎ፣ አስተማሪዋ ድካም ይዟት፣ ስኳር ያለበት ሰውዬ ስኳሩን ሊያጥብ፣ አንዱ ደግሞ ምንም ሳይታመም ጎረቤቱ ስለተሰለፈ ብቻ። ለሁሉም ያው አንድ ቢጫ ከረጢት ነው። ልብስ ሰፊ እንኳ ለሁሉም ሰው አንድ ልክ አይሰፋም። የሚገርመው ደግሞ በሩ ላይ ብርቱካን ሻጯ እማማ ፎሪዋ ተቀምጣለች። እንደምታውቃት በዚያች ስል ቢላዋ ልጣጩን ገፍፋ፣ አናቱን ቆርጣ ትሰጥሃለች፣ መጥጠህ ትሄዳለህ። ሰው ሁሉ በእሷ ብርቱካን ላይ ተራምዶ ነው የብርቱካን ጠብታ ሊገዛ የሚገባው። አንድ ቀን ሲልቬስተር ጋዋኑን ለብሶ ሲወጣ፣ «ዶክተር፣ ዛሬስ የኔን ብርቱካን በየትኛው ክንድ ልታጠጣቸው ነው?» ስትለው ወረፋው ሁሉ ሳቀ። ሳቀና ተራው ሲደርስ ወደ ውስጥ ገባ። ራሱ ሲልቬስተር ግን በየቀኑ ምሳውን ከበላ በኋላ ሁለት ብርቱካን ከእሷ ይገዛል፤ በአፉም ነው የሚመጥጠው።

ታዲያ አጎታችን እንዴት አመኑት ትል ይሆናል። እኔም ጠይቄአቸዋለሁ። የሰጡኝ መልስ፣ «ሲልቬስተር ሃያ ዓመት ባትሪዬን ሲሞላ አንድ ቀን መንገድ ላይ ጥሎኝ አያውቅም» የሚል ነው። ሰውየውም ያውቅባቸዋል። ገና በሩን ሲረግጡ ትከሻቸውን መታ አድርጎ፣ «ሾፌር ኦፖኩ፣ ባትሪዎ ወርዷል፤ እንሞላዋለን» አላቸው። በቃ፣ በዚያች ቃል ልባቸውን ወሰደው። ሆስፒታሉ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያስረዳቸው ያልገባቸው ነገር በአንድ አፍታ የገባቸው መሰላቸው። የጥር ወሩን የሆስፒታል መርፌም ተዉት።

ያን ቀን አብሬያቸው ነበርኩ። ቅጽ ተሰጠን፣ እኔ ሞላሁት። የማይስማማቸው መድኃኒት አለ ወይ ይላል። የለም አሉ፣ የለም ብዬ ጻፍኩ። ከዚህ በፊት በደማቸው ላይ የደረሰ ነገር አለ ወይ ይላል። የለም አሉ፣ የለም ብዬ ጻፍኩ። ኮጆ፣ እዚህ ላይ በሲልቬስተር ብቻ አልፈርድም። እኔም እዚያው ተቀምጬ ነበር፣ እኔም ደደብ ነበርኩ። ምክንያቱም እርማችንን ረስቼው አልነበረም።

አንተ በተወለድክ በስምንተኛው ቀን ስም ሊወጣልህ ሲያወጡህ አያታችን ከሣጥኗ ነጭ ጨርቅ አውጥታ ጠቀለለችህ። ጨርቁ ከብል እንዲጠበቅ ናፍታሊን ተደርጎበት የከረመ ነበር። ሦስት ቀን ሳይሞላህ ዓይንህ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ሆነ፣ ሽንትህ ጠቆረ፣ ጡት መያዝ አቃተህ። እኔ ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ የእናታችንን ልቅሶ አሁንም እሰማዋለሁ። አያታችን ልጇ ኦፖኩም ሕፃን ሳሉ እንዲሁ ሆነው እንደነበር ትዝ አላትና ጨርቁን ከላይህ ገፍፋ ጓሮ ጣለችው። አንተም ተረፍክ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ናፍታሊን ለወገናችን ወንዶች እርም ሆነ። ሌላው ወገን ቀንድ አውጣ አይበላም፣ እኛ ናፍታሊን አንነካም። ለዚህ ነው እኔ ናፍታሊን የተደረገበት የቀብር ጨርቅ ስነግድ አጎታችን አንድም ቀን ሱቄ ረግጠው የማያውቁት። መንገዱ ማዶ ቆመው ይጣሩኛል፣ እኔም እጄን ታጥቤ እሻገራለሁ። ሃያ አንድ ዓመት እንዲህ ኖረናል።

ቅጹ ላይ ግን እርም የሚል ቦታ የለም። ቢኖርም አንጽፈውም ነበር። የወገን እርም ለባዕድ አይነገርም፣ ጠላት የሰማው ቀን መግደያህን ሰጠኸው ማለት ነው ተብለን ነው ያደግነው። በመድኃኒትና በእርም መካከል ምን ዝምድና አለ ብዬም አላሰብኩም። ዝም አልኩ። እናም ባትሪ ለሚሞላ ሰው ክንዳቸውን ሰጠን።

የመጀመሪያዎቹ አራት ከረጢቶች ትንንሽ ነበሩ። ምንም አልሆኑም። እንዲያውም ቀለል አለኝ አሉ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ማራገቢያ ሥር ተንጋሎ፣ ሴቶች እንዴት ነዎት እያሉ ውኃ ሲያቀርቡለት ቀለል የማይለው ማን ነው? አንተ ግን በስልክ አየሽ አይደል፣ አየሽ አይደል እያልክ አደነቆርከኝ። ከዚያ ሲልቬስተር ትንሹ ማንቂያ ነው፣ ካንሰሩን የሚያቀልጠው ትልቁ ነው አለ። አንተን በስልክ አማከረህ፤ አንተም ከሐምቡርግ ሆነህ ትልቁን ስጣቸው አልክ። እዚህ ላይ ወረቀቱን አስቀምጥና እጅህን ተመልከት። ያ ፈቃድ የወጣው ከዚያ እጅ ነው።

ዕለቱ ሐሙስ ነበር፣ የካቲት ሃያ አንድ። ትልቁ ከረጢት በጠዋት ተሰቀለ። ለምሳ ሰዓት ትንሽ ሲቀረው ጀርባዬን አሉ። ቀጥሎ በረደኝ አሉ፣ በዚያ ሙቀት። ሽንት ቤት ገብተው ሲመለሱ ፊታቸው አመድ መስሏል፤ በጆሮዬ ጠጋ ብለው የወጣው ነገር ሶቦሎ ይመስላል አሉኝ። ገብቼ አየሁት። እውነትም ከገበያ ገዝተን የምንጠጣውን ቀዩን ሶቦሎ ይመስላል፣ እንዲያውም ይጠቁራል። ሲልቬስተርን ጠራሁት። መጥቶ አየና ፈገግ አለ። ኮጆ፣ ያን ፈገግታ እስክሞት አልረሳውም። «መርዙ እየወጣ ነው» አለኝ። «ሁለተኛ ከረጢት ብንጨምርበት ሙልጭ ብሎ ይታጠባል።»

ዓይናቸውን አየሁ። ቢጫ ነበር፤ ያን የአንተን የሕፃንነት ቢጫ። መርፌውን ንቀልልኝ አልኩት። ሕክምና በመሐል አይቋረጥም አለኝ። «ይኼን መርፌ ካልነቀልክ፣ ይኼን የለበስከውን ጋዋን እዚሁ ከነገላህ እቀደዋለሁ» አልኩት። ነቀለው። እማማ ፎሪዋ የብርቱካኑን ጠረጴዛ ትታ ታክሲ አስቆመችልኝ፤ ያቺ ሴት አንድ እግራቸውን ይዛ አብራኝ ጫነቻቸው። ሲልቬስተር በሩ ላይ ቆሞ ለወረፋው ሰውነታቸው እየጸዳ ነው እያለ ያስረዳ ነበር። አንድም ሰው ከወረፋው አልወጣም።

ሆስፒታል የተቀበለችን ከሰሜን የመጣች ወጣት ሐኪም ናት፣ ዶክተር ራሂናቱ ትባላለች። የዚችኛዋን ዶክትሬት ማንም አልጠለፈላትም። ደማቸውን ወስዳ አስመረመረች፣ ግማሽ ያህሉ አልቋል አለች። ምን እንደወሰዱ ነገርኳት። የዓይናቸውን ቆብ ገልጣ ቢጫውን አየችና፣ «በቤተሰባችሁ ወንዶች የማይነኩት ነገር አለ?» አለችኝ። እናታችን ከጎኔ ነበረች፤ ቀሚሴን ጎተተችኝ። አትናገሪ ማለቷ ነው። ወንድሟ አልጋ ላይ እየገረጣ፣ እሷ የወገኗን ምስጢር ትጠብቃለች። እኔ ግን አንድ ጊዜ ዝም ብዬ የመጣብኝን አይቻለሁ። ናፍታሊን አልኳት። ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች።

ያስረዳችኝን በገባኝ መጠን ልንገርህ። በደም ውስጥ ደሙን ከመፈንዳት የሚጠብቅ አንድ ነገር አለ፤ ስሙ የመኪና ታርጋ ነው የሚመስለው፣ ፊደልና ቁጥር ነው፣ በወረቀት ጽፋልኝ ከዚህ ጋር አድርጌዋለሁ። ይህ ነገር በአንዳንድ ሰው ደም ውስጥ ጎዶሎ ነው። በእኛ አገር ብዙ ሰው አለበት፤ ዕድሜ ልኩን ሳያውቀው የሚኖርም አለ። ሴቷ ተሸክማ ለወንድ ልጇ ትሰጠዋለች፣ የሚመታው በብዛት ወንዱን ነው። እንዲህ ያለው ሰው ናፍታሊን ሲነካው፣ አንዳንድ የወባ መድኃኒት ሲወስድ፣ ወይም ቫይታሚን ሲ በዚያን ያህል ብዛት በደም ሥሩ ሲገባ ደሙ ይፈነዳል። ብርቱካንስ አልኳት። «ብርቱካን ይብሉ፣ አሥርም ይብሉ፤ ይኼ ግን የስንት መቶ ብርቱካን ባንዴ በደም ሥር ነው» አለችኝ። ካንሰሩንስ ያቀልጣል ወይ አልኳት፣ ስለ አንተ ብዬ። ውጭ አገር ከካንሰር መድኃኒቱ ጋር አብረው እየሰጡ የሚያጠኑ ሐኪሞች አሉ፤ ግን ገና እያጠኑት ነው፣ በመድኃኒቱ ፈንታም አይሰጡትም፣ ከመጀመሪያዋ ጠብታ በፊትም ይህን ደም ይመረምራሉ አለች። በመጨረሻ፣ «እርም አይደለም፣ እህቴ፤ አያታችሁ ግን ከእኛ ቀድመው ደርሰውበታል» አለችኝ። ፊደል ያልቆጠረች ሴት በአንድ ጨርቅ ያወቀችውን አንተ በዚያ ሁሉ ስልክህ አላወቅኸውም።

ሁለት ከረጢት ደም ተሰጣቸው። እንደ ደንቡ ቤተሰብ መተካት አለበትና የወገናችን ወንዶች ደረታቸውን ነፍተው መጡ። ሐኪሟ መጀመሪያ ልመርምራቸው አለች። ከአራቱ ሁለቱ ያው ጉድለት ተገኘባቸውና አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ። በእነሱ ፋንታ ደሙን የተካነው እኛ ሴቶች ነን። እናታችን ግን ይህ ነገር በእሷ በኩል እንደሚተላለፍ ስትሰማ አንድ ቀን ሙሉ እህል አልቀመሰችም፤ ልጄን የመረዝኩት እኔ ነኝ ማለት ነው እያለች አለቀሰች። አጎታችንን ማን እንደመረዛቸው ግን እኔ አውቃለሁ። ለእሷ አልነገርኳትም፣ ስለምትወድህ።

ዘጠኝ ቀን ተኝተው ወጡ። ኩላሊታቸው ተርፏል። ነገር ግን የጥር ወሩ መርፌ በመዘለሉ ካንሰሩ እንደገና ቀና ማለት ጀምሯል፤ የጀርባቸው ሕመም ተመልሷል። ሐኪሟ የፊታችን ሐሙስ መርፌ እንዳያልፍ ብላ አስጠንቅቃለች። እሳቸው ግን አልሄድም ብለዋል። ላቡን ፈርተው አይደለም አሁን። በአንተ ምክንያት ነው።

ከትናንት በስቲያ ሲልቬስተር ሊጠይቃቸው መጣ። በእጁ ከእማማ ፎሪዋ የገዛውን ብርቱካን ይዟል። ኮጆ የከፈለባቸው ስድስት ከረጢቶች እየጠበቋቸው ነው አለ። የደረሰው ነገርም ባትሪ በጥድፊያ ሲሞላ እንደሚፈላው ነው፣ አሁን ቀስ ብለን እንሞላዋለን አላቸው። አጎታችን ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ስለ ባትሪ ከሆነ እውነቱን ነዋ። ስለ አጎታችን ደም ለሲልቬስተር ልነግረው ብሞክር፣ የሐኪሟ ወረቀት ከሆስፒታል የመጣ ስለሆነ አላመነውም። ጨርቅ የምለካበትን እንጨት ይዤ ተነሳሁ። እስከ ቧንቧው ድረስ ነው ያሯሯጥኩት። ብርቱካኑን ግን በልተነዋል፤ ብርቱካኑ ምን አደረገ?

ከዚያ ገብቼ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩና ለመንኳቸው። አልቅሼም ለመንኳቸው። እንዲህ ነው ያሉኝ፣ ቃል ሳልጨምር፦ «ኮጆ ሰጠኝ፤ ኮጆ ተው አላለኝም። የወራሼን ስጦታ ወርውሬ ብሞት፣ በምን ዓይኑ ይቀብረኛል?»

አየህ? እኔ ብናገር ጨርቅ ሻጭ ነኝ። ሐኪሟ ብትናገር የሆስፒታል ሰው ናት። እናታችን ብትናገር እህት ናት፣ ትፈራለች ይሏታል። በዚህ ዓለም ላይ ያን ሽማግሌ ሐሙስ ዕለት ከአልጋ አስነስቶ ወደ መርፌው የሚያስኬድ አንድ አፍ ብቻ አለ፤ እሱም በቪዲዮ ጥርሱን የሚያሳየው አፍ ነው። ስለዚህ ይህን ጨርሰህ ስትነሳ እኔ ጋ አትደውል። እኔን ይቅርታ አትጠይቀኝ፣ ይቅርታህን የማስቀምጥበት ቦታ የለኝም። ለእሳቸው ደውል። ስለ ሳይንስ አታውራላቸው፣ አታብራራ፣ ሆስፒታልንም አትሳደብ። «አጎቴ፣ ተሳስቻለሁ፤ ወደ መርፌዎ ይመለሱ፣ የኔን ስጦታ ይጣሉት» በላቸው። ከዚያ ዝጋ። መዝጋት ታውቅበታለህ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። በቪዲዮው መጨረሻ ላይ በፋሲካ አንተም ወደ ትልቁ ከረጢት እንደምታልፍ ተናግረሃል። የቢጫው ሕፃን ማን እንደነበር ከላይ ጽፌልሃለሁ። ከአጎትህ የምትወርሰው ቤቱንና ቦታውን ብቻ ነው ብለህ አስበህ ከሆነ ተሳስተሃል። አባሪውን ወረቀት ይዘህ እውነተኛ ሐኪም ጋ ሂድና ደምህን አስመርምር። ስለ ልጅህም ጠይቅ። እስከዚያ ድረስ ክንድህን ለማንም እንዳትሰጥ። ንቄሃለሁ፣ ኮጆ፤ በሕይወቴ እንደዚህ ወር ማንንም ንቄ አላውቅም። የምንቀው ሰው ግን በሕይወት ይኑርልኝ።

እናታችን ግንባርህን ትስማለች፤ የላክህላት ሹራብ ለዚህ ሙቀት ባይሆንም ተራስታው ትተኛለች። አዶማኮ ሰላም ብሎሃል፣ ኳሱ ላይ አልተግባባንም ብሏል። ሴርዋ ለትንሿ ልጃችሁ የጠለፈችውን መሐረብ ልካለች። እማማ ፎሪዋ ሰላም በይልኝ፣ ብርቱካን ሲያምረው በአፉ ይብላ በይልኝ ብላለች። ኤስተርን አቅፈህ ሳምልኝ፤ ይህን ደብዳቤም ለእሷ አንብብላት፣ ከአንተ ይልቅ እሷ ትሰማኛለች። አጎታችን እንደምጽፍልህ አያውቁም። ስለ አንተ ሲጠይቁኝ ደህና ነው እላቸዋለሁ፤ ደስ ይላቸዋል።

ደብዳቤውን ስትከፍተው ምንም አይሸትህም። ሱቄ ውስጥ አልጻፍኩትም። ወረቀቱን ከጎረቤት ለምኜ፣ ልብሴን ቀይሬ፣ እጄን በሳሙና ሦስት ጊዜ ታጥቤ፣ እናታችን ግቢ ተቀምጬ ነው የጻፍኩልህ።

እህትህ ቢራጎ

ኩማሲ፣ አሳፎ
እሑድ፣ መጋቢት 10 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.